ብቻውን ለደረሰ መጨረሻውን የማያሳየው ጨዋታ

ለመሆኑ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ የግድ አንዱን አሸናፊ፣ ሌላውን ተሸናፊ አድርጎ ማስነሣት አለበት? ገበጣው እንዲያ ነው። ዳማውም፣ ካርታውም እንዲያው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጃፓንና በአሜሪካ እንደ አሸን የፈሉት ሳንቲም የሚጎርሱ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖችም ከዚህ ልማድ ብዙም አልራቁም። በአብዛኞቹ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ወይ ተራ ይጠባበቃሉ፣ ወይ ይፋለማሉ። በ1986 ግን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ትናንሽ ዘንዶዎችን ጎን ለጎን ያሰለፈ አንድ ማሽን ከጃፓን ወጣ። ስሙ «ባብል ቦብል» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት የረቀቁ ጨዋታዎች መጥተው ሲረሱ እሱ ግን እስከ ዛሬ ፈላጊ አላጣም።

በዚያ ዘመን ከሀገር ወጥተው አሜሪካ የገቡ ወገኖች እንዲህ ያሉትን ማሽኖች በስም ባያውቋቸውም በመልክ ያውቋቸዋል። የጨዋታ ማሽን በጨዋታ ቤት ብቻ ሳይሆን በፒሳ ቤቱ፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በሰፈሩ ሱቅ ጥግ ሁሉ ይቆም ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ እያንዳንዷን ሳንቲም ለሚቆጥር ወላጅ ማሽኑ ኳርተር ከመዋጥ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ወላጁ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የዚህ የአንዱ ማሽን ታሪክ ከሳንቲሙ ያለፈ ነው።

ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ታይቶ ይባላል። (ለአማርኛ ጆሮ «ታይቶ የማይታወቅ» የሚለውን ቢያስታውስም ስሙ ጃፓንኛ ነው።) መሥራቹ ግን ጃፓናዊ አልነበረም። ማይክል ኮጋን በ1920 በኦዴሳ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ከሩሲያ አብዮት ሸሽቶ በተጠለለባት በማንቹሪያዋ የሐርቢን ከተማ ያደገ፣ ኋላም ወደ ጃፓን የተሻገረ ስደተኛ ነበር። በ1953 ቶኪዮ ላይ የንግድ ቤቱን ሲከፍት የቪዲዮ ጨዋታ በሐሳቡ አልነበረም፤ ንግዱ ራሱ ገና አልተፈጠረም። ቮድካ እያወጣ ሸጠ፤ ሳንቲም ሲገባባቸው ዕቃ የሚሰጡ ማሽኖችን አከፋፈለ፤ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ጁክቦክሶችን ነገደ። ስደተኛ ነጋዴ የሚያደርገውን አደረገ፤ ክፍት ሆኖ ያገኘውን በር ሁሉ ሞከረ ማለት ነው። ከጁክቦክስ ወደ ጨዋታ ማሽን መንገዱ ሩቅ አይደለም። በ1978 የኩባንያው መሐንዲስ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን ጨዋታ ሠርቶ የታይቶን ስም በዓለም ላይ አስጠራ። ኮጋን በ1984 ሞተ። ባብል ቦብልን ለማየት አልታደለም።

ባብል ቦብልን የፈጠረው በ1960 የተወለደው ፉኪዮ ሚትሱጂ ነው። ወጣቱ ሚትሱጂ ኩባንያው በዚያን ጊዜ የሚያወጣቸው ጨዋታዎች ደረጃቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ነበር የታየው። ከዚያ በላይ ያሳሰበው ግን የጨዋታ ቤቶቹ የወንድ ብቻ መሆናቸው ነው። ጥንዶች አብረው ቢመጡ እንኳ ወንዱ ሲተኩስ ሴቷ ከኋላ ቆማ ትመለከታለች። በ1980 «ፓክ ማን»ን ያወጣው የሌላ ኩባንያ ባለሙያ ቶሩ ኢዋታኒም ሴቶችን ወደ ጨዋታ ቤት ለመሳብ ብሎ ነበር የተነሣው። ሚትሱጂ ግን ሐሳቡን አንድ ደረጃ አራቀው። ሴቷን ለብቻዋ ከማስጫወት ይልቅ ሁለቱን በአንድ ማሽን ፊት አጠገብ ለአጠገብ ለማቆም አሰበ። ጥይቱንም በአረፋ ለወጠው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ እጀታና ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ መዝለያ፣ ሌላው አረፋ መንፊያ። ታሪኩም የልጆች ተረት ነው። ባብና ቦብ የተባሉ ሁለት ልጆች ወደ ዘንዶነት ተለውጠው፣ የተነጠቁ ፍቅረኞቻቸውን ለማስመለስ 100 ደረጃዎች ያሉት የጭራቆች ዋሻ ውስጥ ይወርዳሉ። እኛ ዘንዶ ሲባል የምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋውን ነው። እነዚህኞቹ ግን ድቡልቡል፣ ዓይነ ትልልቅ፣ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ሰማያዊ፣ እሳት መትፋት ቀርቶባቸው የሳሙና አረፋ የሚነፉ ናቸው። ጭራቁ በአረፋው ይታሰራል፤ ከዚያ ዘንዶው በቀንዱ ወይም በጀርባው እሾህ ሲነካው አረፋው ይፈነዳል፤ ጭራቁም የሚበላ ነገር ሆኖ ይወድቃል። ከፈነዳበት ጊዜ ቢዘገዩ ጭራቁ አረፋውን ሰብሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ተቆጥቶና ፈጥኖ ነው የሚመጣው።

የጨዋታው ብልሃት ያለው ግን በችኮላው ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው። አረፋዎቹ በየደረጃው በማይታይ ነፋስ እየተገፉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። አንድ ጭራቅ ብቻውን ቢፈነዳ 1,000 ነጥብ ያስገኛል፤ ሁለት በአንድ ጊዜ 2,000፣ ሦስት 4,000፣ እንዲያ እየተባዛ ሰባቱ በአንድ ላይ ሲፈነዱ 64,000 ይደርሳል። ስለዚህ ዐዋቂ ተጫዋች ቶሎ አይገድልም፤ ያስራል፣ ይጠብቃል፣ ይሰበስባል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው። አንዱ ከላይ እያሰረ ሲሰድድ ሌላው ከታች ያግዳል። በቃል መነጋገር የግድ ይሆናል፤ «ቆይ! አትንካው!» የማይባልበት ጊዜ የለም። መዘግየቱም ልክ አለው። ሰዓቱ ሲያልፍ ሙዚቃው ይጣደፋል፤ በአረፋ የማይያዝ አጽም መሰል ነጭ ጭራቅም ብቅ ብሎ ማሳደድ ይጀምራል።

መተባበሩ ታዲያ የመላእክት አይደለም። የወደቀውን ፍሬ የሚያነሣው መጀመሪያ የደረሰ ነው፤ ያሰረው ማን እንደሆነ ማሽኑ አይጠይቅም። አንዱ የደከመበትን ሌላው ሮጦ ሲበላው ኩርፊያም ሳቅም ይፈጠራል። በ1983 በወጣው የኒንቴንዶ «ማሪዮ ብራዘርስ» ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቧንቧ እያጸዱ ሳለ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ለጠላት መስጠት ይችል ነበር። በባብል ቦብል ግን አንዱ ሌላውን በቀጥታ ሊጎዳ አይችልም። ሽሚያው በትርፉ ላይ እንጂ በሕይወት ላይ አይደለም። ሁለት ጓደኛሞች ለሰዓታት ተጣልተው ሳይለያዩ እንዲቆዩ ያደረገው ይህ ልክ ይመስላል።

የሚትሱጂ አቋም ጥርት ብሎ የሚታየው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ተጫዋቹ ብቻውን መቶውንም ደረጃ ጨርሶ፣ ትልቁን ጠላት በመብረቅ አረፋ አሸንፎ ሲደርስ፣ ማሽኑ ይህ እውነተኛው መጨረሻ አይደለም፣ ከጓደኛህ ጋር ተመለስ ይለዋል። ያን ሁሉ ሳንቲምና ያን ሁሉ ብቃት ከፍሎ ሲያበቃ! ሁለት ሆነው ሲደርሱ ነው ዘንዶዎቹ ወደ ልጅነታቸው የሚመለሱት። ለእነዚያም ቢሆን ሌላ ምስጢር ተደብቋል። ይበልጥ ወደሚከብደው ሁለተኛ ዙር የሚያስገባው ቁልፍ በምልክት ተጽፎ ይሰጣቸዋል፤ ያንንም ሁለት ሆነው ሲጨርሱ ጠላት ሲሉት የኖሩት ግዙፍ ፍጡር ተለውጦ የገዛ እናትና አባታቸው ሆነው ይገኛሉ። ለልጆች ጨዋታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሁለት ተጫዋች ሁለት ሳንቲም ነውና የማሽኑ ባለቤት ከዚህ ሁሉ አልከሰረም። ይሁንና ለትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብቻውን ለደረሰውም መጨረሻውን ማሳየቱ ምንም ባልጎዳ ነበር።

ታዳሺ ኪሚጂማ የደረሰው ዜማ እየተደጋገመ አንድ ጊዜ ጆሮ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ጨዋታው በ1987 ወደ ቤት ኮምፒዩተሮች፣ በ1988 ደግሞ በአሜሪካ ወደ ኒንቴንዶ ተዛወረ። «ቦብል ቦብል» የሚባል ኮፒ ሳይቀር ወጥቶ በየቦታው ተሸጧል፤ ገበያ የሌለውን ዕቃ ማን ኮፒ ያደርጋል? ሚትሱጂ በ1987 ያወጣው ተከታይ «ሬይንቦ አይላንድስ» ግሩም ጨዋታ ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች በማሽኑ ላይ በተራ ነው የሚጫወቱት። ሁለቱ ዘንዶዎች በ1994 «ፐዝል ቦብል» በተባለው የአረፋ መደርደሪያ ጨዋታ ተመልሰው መጡ፤ ዘንዶዎቹን ያወቃቸው ከዚያኛው የሆነ ሰውም ብዙ ነው።

ከዚያ የጨዋታ ቤቶቹ በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ልጆችም እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው፣ በየስክሪናቸው ፊት ተቀመጡ። ታይቶ በ2005 በስኩዌር ኤኒክስ ተገዛ። ሚትሱጂ ከታይቶ ወጥቶ ከቆየ በኋላ በታኅሣሥ 2008 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በ2019 ኩባንያው «ባብል ቦብል 4 ፍሬንድስ» የተባለውን አዲስ ጨዋታ አወጣ፤ አራት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይጫወቱታል። የ1986ቱ ጨዋታም በውስጡ አለ፤ ዛሬም መቶኛውን ደረጃ ብቻውን ለጨረሰ ሰው ከጓደኛህ ጋር ተመለስ ይለዋል።