ሀሳብ ብቻ ይዞ ፓተንት?

ነገሩ የተጀመረው ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከቡሬ ገጠር የመጣ ወጣት ከደብተሩ ጀርባ ላይ የሣለውን የጤፍ መውቂያ አሳየን። እንደ ብስክሌት በእግር የሚዞር፣ መኪና የማይደርስበት አውድማ ድረስ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚሄድ። ወዲያው ደብተሩን ዘጋና «ገና አልሠራሁትም፣ ሀሳብ ነው። ለሀሳብ ፓተንት ይሰጣል እንዴ?» አለን።

እኛም «መጀመሪያ ሥራው እንጂ!» ብለን ሳቅን። በኋላ ነገሩን ስናጣራ ያፈርነው እኛ ሆንን።

እስቲ ወደኋላ እንመለስ። ግርሃም ቤል የስልኩን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1876 ነው። ስልኩ የሰውን ንግግር በግልጽ ያስተላለፈው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ፓተንቱ ቀደመ፣ ድምፁ ተከተለ ማለት ነው። ሥዕሉና ማብራሪያው ግን ወረቀት ላይ ሰፍረው ነበር።

አገራችንም በ1987 ዓ.ም. የፓተንት ሕግ ስታወጣ (አዋጅ ቁጥር 123) ፈጠራን የተረጎመችው «ሀሳብ» ብላ ነው። ግን ዝም ብሎ ሀሳብ አይደለም፤ በቴክኖሎጂ መስክ አንድን ችግር በተግባር ለመፍታት የሚያስችል ሀሳብ ነው። አዲስ መሆን አለበት፤ ለባለሙያው በቀላሉ የሚታይ መሆን የለበትም፤ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆንም አለበት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስም በጽሑፍ መብራራት ይኖርበታል። «በእግር የሚዞር መውቂያ» ብቻ ቢባል ምኞት ነው። ከበሮው እንዴት ይዞራል? ያ ደቃቅ ፍሬ ከገለባው በምን ይለያል? ይህ ሲመለስ ነው ሀሳብ ፈጠራ የሚሆነው። ያኔ 15 ዓመት የሚያገለግል፣ በ5 ዓመት ሊራዘም የሚችል ፓተንት ይጠየቅበታል።

የወረቀትን ጉልበት ደግሞ ከጤፍ በላይ ማን ያውቃል? አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ የሚገኘውን ዱቄት ፈጠራዬ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 አመለከተ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንትም ተሰጠው። ጤፍ አጭዶ፣ ከምሮ፣ ሳምንታት አቆይቶ መውቃት ለጎጃም ገበሬ የአያት የቅድመ አያት ሥራ ነው። ግን ማን ጻፈው? የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራነት የለውም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት የሰረዘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው። ከማመልከቻው 15 ዓመት በኋላ! ያውም ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው የተሟገቱት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ እኛ ከዳር ሆነን አየን።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለካ የፓተንት ሕግም ነው።

ለወጣቱ ያልነው ይህንኑ ነው። እስክትሠራው አትጠብቅ፤ ግን ቁጭ ብለህ ጻፈው። ጽፈህ አእምሯዊ ንብረት እስክታመለክት ድረስ ደግሞ ደብተርህን ሻይ ቤት አትክፈት፤ አደባባይ የወጣ ነገር አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የመውቂያውን ዋና ምስጢር እዚህ ያልጻፍነውም ለዚሁ ነው። እንዳትጠይቁን።