ለኢያጎ የሚሆን ፊት

ክፉ ሰው እየተጫወትኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ኑዛዜ የሚሰርቅ ወንድም፣ ጎረቤቱን ለቀበሌ የሚጠቁም ሽማግሌ፣ የሙት ልጆችን ቤት የሚሸጥ አጎት ሆኛለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ችሎታዬ ብቻ አይደለም፤ የተጋጠመው ቅንድቤና ጎርናና ድምፄም አለበት። ገና መድረክ ላይ ብቅ ስል አዳራሹ ያውቀኛል። መርካቶ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «የሙት ልጆቹን ቤት የሸጥከው አንተ አይደለህም?» ብላ ዋጋ ጨምራብኛለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ያለውን ክፉ ሰው፣ ኢያጎን፣ የሰጠኝ አዘጋጅ የለም። መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር፤ ስለዚህ ገጸ ባሕርይና ስለተጫወቱት ሰዎች የተጻፈውን እየለቃቀምኩ ካነበብኩ ወዲህ ግን አዘጋጆቹ ልክ ናቸው ብያለሁ።

ኦቴሎን በአማርኛ የሰጠን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። በ1950ዎቹ ተርጉሞት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለመድረክ በቃ። ታሪኩ ግን ከጣሊያን የተነሣ ነው፤ መድረክ ላይ ያደገውም እንግሊዝ አገር ነውና ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1565 ጂራልዲ ቺንትዮ የተባለ የፌራራ ደራሲ ባሳተመው የተረት መድብል ውስጥ፣ ከዋና ዋናዎቹ ባለታሪኮች ስም ያላት ዲዝዴሞና ብቻ ናት። ባሏ «ሙሩ»፣ ክፉው ሰው ደግሞ «ሰንደቅ ያዡ» ተብለው ታልፈዋል። የሰንደቅ ያዡ ክፋት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ሴትዮዋን ወደዳት፣ እሷ ዞር ብላም አላየችው፣ ፍቅሩ ጥላቻ ሆነ። መሐረቧን የሚሰርቃት የሦስት ዓመት ልጁን አሳቅፏት ነው። በመጨረሻም አሸዋ በተሞላ ካልሲ ደብድቦ ይገድላታል፤ አደጋ ለማስመሰልም ከባሏ ጋር ሆነው ጣሪያውን ይንዱባታል።

ሼክስፒር መሐረቡን አስቀርቶ ካልሲውንና ጣሪያውን ጣለ፤ የክፋቱን ምክንያት ደግሞ በታተነው። የሱ ሰንደቅ ያዥ ኢያጎ አንዴ ሹመት ለሌላው መኮንን ለካሲዮ ተሰጠብኝ ይላል፣ አንዴ ኦቴሎ ከሚስቴ ከኤሚሊያ ጋር ተኝቷል የሚባል ወሬ አለ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ካሲዮንም በዚያው ይጠረጥራል። ገጣሚው ኮልሪጅ ይህን ሁሉ አይቶ ሰውዬው ምክንያት ፈላጊ እንጂ ምክንያት ያለው አይደለም ብሎ ደመደመ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። እኔ አልቀበለውም። ኢያጎ ራሱ ቀናተኛ ነው። ሚስቱን ይጠረጥራል፣ ማስረጃ የለውም፣ ጥርጣሬውን እንደ እውነት ቆጥሮ ሊሠራበት ግን ወስኗል። ኦቴሎን የሚያስይዘው እሱኑ የያዘውን በሽታ ነው፤ በሽታው እንዴት እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያንገበግብ አሳምሮ የሚያውቀውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ካሲዮ ዴዝዴሞናን ሲማጠን ቆይቶ ኦቴሎ ሲመጣ ሹልክ ይላል። ኢያጎ ይህ ነገር እንዳላማረው ለራሱ የሚናገር መስሎ ያጉረመርማል። ምን አልክ ቢባል፣ ምንም። ከዚያ በኋላ እሱ ይሸሻል፣ ኦቴሎ ያሳድዳል፤ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ የሚያወጣው ተጠቂው ራሱ ነው። ይባስ ብሎ ኢያጎ ከቅናት እንዲጠነቀቅ ይመክረዋል! እንዲህ ያለ ነገር ሠሪ በየሰፈራችን አለ፤ «እኔ እንኳ መናገር አልፈልግም ነበር» ብሎ የሚጀምር ወዳጅ ያላጋጠመው አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ትዕይንት የሚይዘን ኢያጎን እኛም ብንሆን እናምነው ነበር ስንል ነው። ገና ሲገባ ክፉ ከመሰለ ኦቴሎ ጀግናነቱ ይቀርና ቂል ይሆናል፤ የቂል መታለል ደግሞ ያስቃል እንጂ አያስለቅስም። በኅዳር 1 ቀን 1604 በዋይትሆል ቤተ መንግሥት በቀዳማዊ ጄምስ ፊት የታየው ይህ ተውኔት፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የተጎዳው በዚሁ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳሙኤል ሳንድፎርድ የሚባል የለንደን ተዋናይ ነበር። አጭርና ጎባጣ ስለነበር ክፉ ክፉው ሁሉ ለሱ ይሰጣል። (ሳነበው ወንድሜን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።) ተዋናዩ ኮሊ ሲበር በ1740 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚያወራው፣ አንድ አዲስ ተውኔት ላይ ለሳንድፎርድ የቅን ሹም ቦታ ተሰጠው። ተመልካቹ ሦስት አራት ገቢር ሙሉ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ይህ ቅንነት ማስመሰል ነው፣ አሁን ይጋለጣል ብሎ ይጠብቃል። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ቅን ሆኖ ሲቀር ሕዝቡ ተቆጥቶ ተውኔቱን በጩኸት ጣለው። የሚገርመው ግን ይህን የነገረን ሲበር ራሱ ኢያጎን ሲጫወት ያደረገው ነው። ትከሻውን እየሰበቀ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ቃሉን እየጎተተ ስለሚናገር፣ ይህን አይቶ የማይነቃ ኦቴሎ ደንቆሮ መሆን አለበት ብሎ የዘመኑ አንድ ሐያሲ ቀለደበት።

መድኃኒቱን ያገኙ ሰዎችም ነበሩ። ቻርልስ ላም በ1822 ስለ ቀድሞ ተዋንያን ሲጽፍ፣ ሮበርት ቤንስሊ ኢያጎን ሲሆን ኦቴሎ ከሚያየው የበለጠ ለተመልካች አያሳይም ነበር ብሎ ያመሰግነዋል። ወደ አዳራሹ ዞሮ መጥቀስ የለም፤ «እኔና እናንተ እናውቃለን» የለም። ኤድመንድ ኪን በ1814 ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ፈገግተኛና ቀለል ያለ ኢያጎ ሆነ፤ ሐያሲው ሐዝሊት ደስታው በዝቷል አለ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የ1881ን የለንደን ላይሲየም ቴአትር ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ቡዝና እንግሊዛዊው ሄንሪ ኧርቪንግ ኦቴሎንና ኢያጎን እየተቀያየሩ ይጫወቱ ነበር፤ ዴዝዴሞና ኤለን ቴሪ ነበረች። ኧርቪንግ በኢያጎነቱ ወይን እየበላ ፍሬውን ቀስ እያለ ይተፋ እንደነበር ቴሪ በማስታወሻዋ ታነሣለች፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ማግኘት በዕድሜ አንዴ ነው። ቡዝ ደግሞ ለኢያጎ ተጫዋቾች ምክር ትቶ አልፏል፦ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት እንደሚያስቡህ ሁን፣ ተመልካቹንም ሳይቀር በቅንነትህ ማርከው፣ አትኮሳተር፣ አታጉረምርም፣ ክፋቱን ግን ሳታቋርጥ በልብህ አስበው። ቅንድቤን ወደ መስታወት አስጠግቼ ይህን ሦስቴ አንብቤዋለሁ።

ኦቴሎ ጥቁር ሰው ሆኖ ሳለ፣ የዚያን ዘመን ኦቴሎዎች ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ነበሩ። ቡዝ ቴሪን እንዳያጠቁራት እጇን ሲይዝ የልብሱን ጫፍ በመሐል ያደርግ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኧርቪንግ ግን ራሱን እስክትመስል ለቀለቃት። ጥቁሩ አሜሪካዊ አይራ አልድሪጅ በ1833፣ ኪን በዚሁ ተውኔት መድረክ ላይ ከወደቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኮቨንት ጋርደን ተተክቶ ነበር፤ ጋዜጦች ስለዘመቱበት ከሁለት ምሽት በላይ አልዘለቀም። ብሮድዌይ ጥቁር ኦቴሎን ከነጭ ተዋንያን ጋር ያየው በ1943 በፖል ሮብሰን ነው፤ 296 ጊዜ ታየ። ኢያጎ የነበረው ሆሴ ፌረር የዴዝዴሞናዋ የዩታ ሐገን ባል ስለነበር፣ በየምሽቱ የገዛ ሚስቱን ለማስገደል ሲደክም ያመሻል።

በ2015 የስትራትፎርዱ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ኢያጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥቁር ተዋናይ ሰጠ፤ ከታንዛኒያውያን ወላጆች ተወልዶ ዚምባብዌ ያደገው ሉሺያን ምሳማቲ ነው። ኦቴሎውም ጥቁሩ ህዩ ኳርሺ ነበር። ሁለቱ ጥቁር ወታደሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ኦቴሎ ለምን ያምነዋል የሚለው የቆየ ጥያቄ በግማሽ ይመለሳል፤ ሹመቱ ለነጩ ካሲዮ ሲሄድ ደግሞ የኢያጎ ቅሬታ ተመልካቹን ራሱን ይቆነጥጠዋል። ለእኛ መድረክ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሁላችንም ጥቁር በሆንበት ኦቴሎን ባዕድ የሚያደርገው ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ኢያጎ ዕድሜውን በአፉ ይናገራል፤ 28 ዓመቱ ነው። ቡዝ በ1881 አርባ ሰባት፣ ኧርቪንግ አርባ ሦስት ነበሩ፤ አዘጋጆች ክፋት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ኦቴሎን ለማንሣት የሚያስብ ካለ፣ ቦታውን ሁልጊዜ ሙሽራ ለሚጫወተው፣ እናቶች «የኔ ልጅ» ለሚሉት ወጣት ይስጥልኝ።