«አልፈልግም» ስንለው «እሺ» የሰማው ዊንዶውስ

በኮምፒውተር ዓለም የኤክስ ምልክት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ዝጋው፣ አልፈልግም። ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንን ገለበጠው።

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነበር። ዊንዶውስ 10 ጁላይ 2015 ላይ ሲወጣ፣ ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ለምንጠቀም ለአብዛኞቻችን ለአንድ ዓመት በነጻ ተፈቀደልን። ከስክሪኑ ግርጌ «አፕግሬድ አድርጉ» የሚል ምልክት ተለጠፈብን። ቆይቶም ኩባንያው ፋይሉን ላልጠየቀው ሰው ጭምር ቀድሞ እንደሚያወርድ አመነ። ብዙ ጊጋባይት! ኢንተርኔት በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ሜይ 2016 ላይ ደግሞ መስኮቱን በኤክስ መዝጋት ቀጠሮውን እንደ መቀበል ተቆጠረ። በዚያው ዓመት ያልፈቀደችው አፕግሬድ የሥራ ኮምፒውተሯን ያበላሸባት አንዲት የካሊፎርኒያ የጉዞ ወኪል 10,000 ዶላር አገኘች፤ ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም ይግባኙን ተወው። ጁን መጨረሻ ላይ «አልቀበልም» የሚል ምርጫ መጣ። ዲሴምበር ላይ የማርኬቲንግ ኃላፊው ክሪስ ካፖሴላ በኤክሱ ጉዳይ ከልክ ማለፋቸውን አመኑ።

ማደስ መጥፎ ነው አላልንም። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዛት ያጠቃው ያልታደሱ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮችን ነው። ነገር ግን እምቢታው የማይሰማለት ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ጠቃሚውንም አፕዴት አብሮ ማጥፋት ነው። እምነት ደግሞ በአፕዴት አይመለስም።