የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ «ሕጎች» አመጣጥ

እንግሊዝኛን ለተማሪዎች የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት የሰዋስውንና የሥርዓተ ነጥብን መመሪያዎች በሙሉ «ሕግ» በሚል አንድ ስያሜ ጠቅልለው ያቀርባሉ። የባለቤትና የግስ ስምምነትም ሆነ የነጠላ ሰረዝ አገባብ፣ «ዐረፍተ ነገርን በመስተዋድድ አትፈጽም» የሚለውም ትእዛዝ እኩል ሥልጣን ያላቸው መስለው ይታያሉ። የየመመሪያው ታሪክ ሲመረመር ግን ምንጫቸው የተለያየ መሆኑ ይገለጣል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ጉዳዩ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል አልፎ የተማሪውን አጠቃላይ ውጤት ይነካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥቂቶቹን መመሪያዎች አመጣጥ መርምሮ ለስያሜ ሥራችን የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሥርዓተ ነጥብ በመጀመሪያ የተፈጠረው ለዓይን ሳይሆን ለአንደበት ነበር። የጥንት ግሪኮች ቃልን ከቃል ሳይለዩ ይጽፉ ስለነበር፣ ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ሰው ማረፊያውን የሚያመለክተው ምልክት ያስፈልገው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት ገደማ፣ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረው የቢዛንጥዩሙ አሪስቶፋኔስ በተለያየ ከፍታ የሚቀመጡ ሦስት ነጥቦችን እንደ ደነገገ ይነገራል። ኮማ፣ ኮሎንና ፔሪዮድ የሚሉት ስሞች በዚያን ጊዜ የንግግር ክፍሎች መጠሪያ ነበሩ፤ ወደ ምልክቶቹ የተላለፉት ከዚያ በኋላ ነው። በላቲን ጽሑፍ ቃላትን በባዶ ቦታ መለየትን ያስፋፉት ደግሞ ላቲን አፍ መፍቻቸው ያልነበረ የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። በእኛ የብራና መጻሕፍት ይህን ተግባር ሲፈጽም የኖረው ሁለት ነጥብ ነው።

የማተሚያ መሣሪያ መምጣት ምልክቶቹን አጸናቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም ለአጭር ዕረፍት ያዘነበለ ጭረት ይጠቀም ነበር። የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ በ1496 ባወጣው የፒየትሮ ቤምቦ መጽሐፍ ውስጥ፣ በእኛ ድርብ ሰረዝ የምንተረጕመው የሴሚኮሎን ቅርጽ ታየ። ሆኖም ምልክቶቹ የትንፋሽ መለኪያ መሆናቸው ወዲያው አልቀረም። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፣ ሴሚኮሎን የኮማን እጥፍ፣ ኮሎን የሴሚኮሎንን እጥፍ፣ ፔሪዮድ ደግሞ የኮሎንን እጥፍ ያህል እንደሚያሳርፍ በሙዚቃ ኖታ መስሎ አስረድቷል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን በአመዛኙ የዐረፍተ ነገሩን መዋቅር ይከተላል። እንግዲህ «ትንፋሽ በወሰድህበት ሁሉ ነጠላ ሰረዝ አድርግ» የሚለው ምክር ዘመኑ ያለፈበት ሥርዓት ቅሪት ነው።

የሰዋስው መጻሕፍት አነሣሥም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1586 ዊልያም ቡሎካር ያሳተመው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ሰዋስው የተቀረጸው በላቲን አምሳል ነበር። ይህ በእንግሊዞች ብቻ የደረሰ አይደለም፤ «መሰላል» ማለት የሆነው የእኛው «ሰዋስው» የሚለው ቃልም የቅብጥና የዐረብ ሊቃውንት ለቋንቋ መጻሕፍታቸው የሰጡትን ስያሜ የተከተለ ነው። ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ ሲነቅፍ ዐረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መፈጸምን እንደ ነውር ቈጠረው። ሎውዝ ይህ አነጋገር በቋንቋው የተለመደ መሆኑን አምኖ፣ ለከፍተኛ አጻጻፍ ግን ማስቀደሙን መረጠ። ሊንድሊ መሪ በ1795 ለትምህርት ቤት ያዘጋጀው መጽሐፍ እጅግ ሲሠራጭ፣ የሎውዝ ምርጫ በብዙ መምህራን ዘንድ ወደ ሕግነት ተለወጠ። ኤች. ደብልዩ. ፋውለር በ1926 ይህን ክልከላ ከአጉል እምነት ጋር ቢመድበውም ከመማሪያ ክፍል ፈጽሞ አልወጣም።

ለአማርኛ ተርጓሚ ነገሩ ግልጽ ነው። «የተቀመጥሁበት ወንበር» ስንል መስተዋድዱ በግሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ እንግሊዝኛውም «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ሲል መስተዋድዱን ከግሱ አይለይም። ተማሪው ከልሳኑ ይዞት የመጣውን ትክክለኛ ስሜት እንዲጥል ማስገደድ ጥቅም የለውም።

በአሉታ ረገድ ግን ፍርዱ ይለያል። «ማንም አልመጣም» የሚለውን ቃል በቃል የሚተረጕም ተማሪ በእንግሊዝኛው ሁለት አሉታ ያስገባል። ቾሰር በ14ኛው ምእተ ዓመት አሉታን ይደራርብ ነበር፤ «ሁለት አሉታ ይፋረሳል» የሚለውን ምክንያት ያጠናከሩት የ18ኛው ምእተ ዓመት ሰዋስዋውያን ናቸው። ምክንያቱ ከሒሳብ የተወሰደ ቢመስልም የዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ አሉታን በአንድ ቦታ ብቻ እንደሚያመለክት የታወቀ ስለሆነ፣ ተማሪው ሊጠነቀቅበት ይገባል።

የነጠላ ሰረዝም ችግር እንዲሁ ነው። አማርኛ «መጥቶ፣ በልቶ፣ ተኛ» እያለ ቦዝ አንቀጾችን ያስከትላል፤ ፍጻሜውን የሚያውጀው የመጨረሻው ግስ ነው። እንግሊዝኛ ግን ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝን ዛሬ አይቀበልም፤ መስተፃምር፣ ድርብ ሰረዝ ወይም ነጥብ ይሻል። ትእምርተ ጥቅስም በአማርኛ «ብሎ» እና «አለ» የሚሠሩትን ወሰን የማመልከት ሥራ ይሠራል። ባለቤትነትን የሚያመለክተው አፖስትሮፊ በበኩሉ መነሻው የተዋጠ ፊደል ምልክት ነው፤ ለነጠላ ስም የጸናው በ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን ለብዙ ቍጥር የተደላደለው ከዚያም በኋላ ነው። በንግግር የማይሰማ በመሆኑ የአፍ መፍቻ ተናጋሪዎችም ይሳሳቱበታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው «ሕግ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መሸፈኑን ነው። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍትና በመዛግብተ ቃላት ሦስት ስያሜዎችን ለይተን ብንጠቀም ይበጃል። ቋንቋው ራሱ የሚያዝዘው፣ ለምሳሌ የባለቤትና የግስ ስምምነት፣ «ሕግ» ይባል። አታሚዎችና ጸሐፍት የተስማሙበት፣ እንደ አፖስትሮፊና እንደ ነጠላ ሰረዝ ያለው፣ «ደንብ» ይባል። የአንድ ዘመን ሊቃውንት ጣዕም የወለደው፣ እንደ መስተዋድዱ ክልከላ ያለው፣ «ምርጫ» ይባል። መምህሩ ሕጉን ያስተምር፣ ደንቡን ያለማምድ፣ ምርጫውን ግን ያስረዳ፤ በምርጫ ጉዳይ የተማሪውን ነጥብ አይቀንስ።