ካሪ፣ ወጥ እና የጓደኛሞች ማታ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቀደም በኢንቦክስ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ እዚህ ሰዉ ዓርብ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ካሪ ቤት ይሄዳል። ልክ እኛ ቁርጥ ቤት እንደምንሄደው። ይሄ የእንግሊዝ ባህል ነው ወይስ የህንድ?» አጭር መልስ ሰጥቼው ልተወው ነበር። ግን መልሱ ዞሮ ዞሮ ሻሸመኔ ድረስ ስለሚመጣ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ቃሉ። «ካሪ» ከደቡብ ህንዱ የታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከሩዝ ጋር የሚበላ ማባያ እንደማለት ነው። ህንድ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ምግብ የየራሱ ስም አለው። ሁሉንም በአንድ ስም «ካሪ» ብለው የጠቀለሉት እንግሊዞች ናቸው። አንድ የውጭ አገር ሰው ምስሩንም፣ ዶሮውንም፣ ሽሮውንም «ወጥ» ብሎ ሲያልፈው እንደምንሰማው ማለት ነው።

ለንደን ውስጥ በህንዳዊ ባለቤት የተከፈተው የመጀመሪያው የህንድ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1810 ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ዲን ማሆሜድ ይባላል፤ የፓትና ሰው ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሞ በማውጣትም ከህንዶች የመጀመሪያው ነው። ምግብ ቤቱ ግን 2 ዓመት ሳይሞላው ከሰረ። ለምን ብትሉ፣ የዚያን ጊዜ ካሪ የሚወዱት ህንድ ቆይተው የተመለሱ ሀብታሞች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ቤታቸው የሚያበስልላቸው ሰው ነበራቸው። ደጅ ወጥቶ የሚበላ ጓደኛሞች ስብስብ ገና አልተፈጠረም። እንግዲህ ጥሩ ምግብ ብቻውን ምግብ ቤት አያቆምም፤ ማታ ወጥቶ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው እስኪመጣ ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ። የመጣበትም መንገድ በመርከብ ነው። ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ያለችው የሲሌት አካባቢ ልጆች በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ይቀጠሩ ነበር። ሥራቸው ከታች፣ ከእሳቱ ዘንድ፣ የድንጋይ ከሰል ወደ ምድጃ መጨመር ነው። ከባድ፣ ትንሽ የሚከፈልበት ሥራ ማለት ነው። መርከቡ ለንደን ወደብ ሲደርስ አንዳንዶቹ ወርደው ይጠፋሉ። ከጠፉ በኋላ የት ይሥሩ? ኪችን ውስጥ! ሰሃን ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ለንደን በቦምብ ፈራርሳ ስትቀር እነዚህ ሰዎች ያጠራቀሟትን ይዘው የተጎዱ ትንንሽ ካፌዎችንና ዓሣና ድንች የሚጠበስባቸውን ቤቶች በርካሽ ገዙ። ብልሃታቸውን ተመልከቱ። እንግሊዙ የለመደውን ዓሣና ድንች አላቋረጡም፤ እሱን እየሸጡ ከጎኑ ካሪና ሩዝ ጨመሩ። ሌላው ሲዘጋ ደግሞ እነሱ ክፍት ይሆናሉ። መጠጥ ቤቶች በሕግ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይዘጉ ነበር። ቢራውን ጠጥቶ፣ ርቦት፣ ጨዋታው ያላለቀለት ጎረምሳ ወዴት ይሂድ? መብራቱ የበራው ካሪ ቤቱ ብቻ ነው። ተማሪዬ ያየው የዓርብ ማታ ባህል በዚህ መንገድ ተወለደ። ዛሬ በየወሩ አንድ ካሪ ቤት እየመረጡ የሚዞሩ፣ ይሄኛው ይሻላል ያኛው ይሻላል እያሉ ነጥብ የሚሰጡ የጓደኛ ቡድኖች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ «ቺክን ቲካ ማሳላ» የሚባለውን ካሪ የእንግሊዝ እውነተኛ ብሔራዊ ምግብ ነው እስከማለት ደርሰዋል።

ስለዚህ ለተማሪዬ፦ ምግቡ የህንድ ዘር አለው፤ ማታው የእንግሊዝ ነው፤ ያገናኛቸው ግን ከመርከብ የጠፋ የእሳት ሠራተኛ ነው።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ ጣፋጭ አልነበረም። ሰክሮ ገብቶ አስተናጋጁን የሚሰድብ ነበር። በልቶ ሳይከፍል የሚሮጥ ነበር። አብዛኞቹ ባለቤቶች ሲሌቶች ሆነው ሳለ የደጃፉ ጽሑፍ «የህንድ ሬስቶራንት» ይላል፤ እንግሊዙ ሲሌትን የት ያውቃታል? የራሳቸውን አገር ስም እንኳ በራፋቸው ላይ አልጻፉም። ዛሬ ደግሞ ልጆቻቸው ተምረው ዶክተርና ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ኪችን መግባት አልፈለጉም፤ ከአገር ቤት አብሳይ ለማስመጣት ቪዛው ጠበቀ፤ ብዙ ቤቶችም ተዘጉ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር።

ከአርሲ ነገሌ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ሻሸመኔ ትገባላችሁ፤ ጀማይካ ሰፈርን የማያውቅ የለም። መሬቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ከውጭ ሆነው ኢትዮጵያን ለደገፉ ጥቁር ሕዝቦች ሰጡ፤ ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጀማይካን ከጎበኙ በኋላ ደግሞ የሚመጡት ራስተፈሪያን እየበዙ ሄዱ። ታድያ ካሪ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የጀማይካ ሰው ከሚኮራባቸው ምግቦች አንዱ የፍየል ካሪ ነው። ባርነት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሲቀር የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች የሚሠራላቸው ሰው ፈለጉ፤ ከእ.ኤ.አ. 1845 ጀምሮ ህንዶችን በኮንትራት እያስፈረሙ ወደ ጀማይካ አመጡ። በ70 ዓመት ገደማ ውስጥ 36 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ተሻገሩ። እርዳቸውን፣ ዝንጅብላቸውን፣ ካሪያቸውን ይዘው ነው የተሻገሩት። እንግዲህ መንገዱን በካርታ ላይ ተከተሉት፦ ህንድ፣ ጀማይካ፣ ሻሸመኔ። በዚህ መንገድ ላይ በፍላጎቱ የተነሳ ህንዳዊ ጥቂት ነው፤ በፍላጎታቸው የመጡት የመጨረሻዎቹ፣ ሻሸመኔ የገቡት ናቸው።

ሁለተኛውን መንገድ ደግሞ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህር አልነበረም። መንግሥት ከውጭ ከቀጠራቸው ውስጥ ህንዶች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ከኬራላ። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማሩትን ህንዳዊ መምህር አነጋገር እያስመሰለ ሲያስቃችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚያ መምህራን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው ምን ያበስሉ ነበር? በገበያችን የሚፈልጉትን አላጡም፤ እርድ አለ፣ ዝንጅብል አለ፣ ምስር አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ በርበሬ አለ።

በነገራችን ላይ በርበሬ የእኛም የህንድም አልነበረም። ቃሪያውም፣ በርበሬውም፣ ሚጥሚጣውም ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ህንድ አደረሱት፤ ከዚያ በፊት የህንድ ምግብ የሚያቃጥለው በቁንዶ በርበሬና በዝንጅብል ነበር። «የአባቶቻችን» የምንለው ቀይ ወጥም ቅላቱን ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር የሚቆጣ ተማሪ አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ የራሳችን ስደት ነው። ከ1966ቱ አብዮትና ከቀይ ሽብር በኋላ ብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ ገባ። ዋሽንግተን ውስጥ «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፈተ፤ ስሙ የአብሳይዋ ስም ነው። ከሲሌቶቹ ታሪክ ጋር አስተያዩት። መርከበኛው እዚያ፣ ታክሲ ነጂው እዚህ። መጀመሪያ ምግብ ቤቱ የተከፈተው አገሩ ለናፈቀውና ሌሊት ሥራ ውሎ ለሚገባው የራስ ሰው ነው። ጤፍ የለም፤ እንጀራው በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ይጋገራል። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ገበሬ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማምረት ጀመረ። ቀስ በቀስ ፈረንጁም ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣ፤ በእጅ መብላት፣ ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ ለእሱ ጨዋታ ሆነለት። ሎስ አንጀለስም እ.ኤ.አ. በ2002 አንዱን ሰፈሯን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ሰየመች።

እኛ አገር ቤትስ? ደጅ ወጥቶ ገዝቶ መብላት ለእኛም አዲስ ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ለምግብ ገንዘብ መክፈሉ አሳፍሮት ስለነበር ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ አስለመዱ ይባላል። እዚህ በእኛ መስመር ደግሞ ምግብ ቤትን የፈጠረው መንገዱ ነው። አዳማን ባቡሩ፤ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን የሞጆ ሐዋሳ አስፋልት። የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ካልበላ ምግብ ቤት የለም።

ስለ ነገሌ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ማንም ያልጻፈው ትልቅ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርባት ናት። ሥጋው ግን የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል። ታድያ የተቀላቀለ የጓደኛ ቡድን ደመወዝ በወጣ ቅዳሜ የት ይቀመጣል? ዓሣ ቤት! ከሐይቆቻችን የወጣ ቆሮሶ ጥብስ ወይም ጉላሽ አራጅ አይጠይቅም። ካልሆነ በያይነቱ፣ ካልሆነ ፉል፣ ካልሆነ እንቁላል። ሲሌቶቹም ሒሳቡን ያውቁ ነበር፤ ሂንዱው የበሬ፣ ሙስሊሙ የአሳማ አይበላም፤ ዶሮና በግ ግን ሁሉንም ያስታርቃል። ካሪ ቤት ሜኑ ላይ ዶሮና በግ የበዛው ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛም የጓደኛ ቡድን ዓሣ ቤት የሚያዘወትረው ለዚሁ ነው። «ዓሣ ትወዳላችሁ» ሲሉን ፈገግ እንላለን። አንዱን ከማዕዱ የሚያስነሳ ምግብ አናዝም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

የሂሳቡ ነገርም አለ። እንግሊዞቹ ለሰው አካፍለው ይከፍላሉ። እኛ ደግሞ እንጣላለን! «በሞቴ»፣ «ወላሂ አትከፍላትም»፣ አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ካሸሩ ጋ ይጨርሳል። ያምራል፣ እወደዋለሁ። ግን አሁን አሁን ይሄ ወግ ሰው እያስቀረ ነው። ተራው የደረሰበት ሰው ኪሱ ሲሳሳ «ዛሬ አልተመቸኝም» ይላል፤ በሚቀጥለው ወርም ይቀራል፤ ከዚያ በቃ፣ መደወል ይቆማል። ጓደኛ በዋጋ ንረት ምክንያት ሲጠፋ እያየን ነው። እኔ የምለው፣ ያለ እፍረት እናዋጣ። እቁብና እድር የሠራ ሕዝብ ለመዋጮ እንግዳ አይደለም። ጭራሽ ካልተቻለም ሻይ በዳቦ ይሁን፤ ብቻ ወንበሩ ባዶ አይሁን።

ውጭ ላላችሁ ልጆቼ ደግሞ። አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ የምሠራው ሥራ አይነገርም» ትሉኛላችሁ። ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ሰሃን ማጠብ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ይነገራል! የአንድ ትልቅ አገር የዓርብ ማታ የተሠራው ሰሃን በሚያጥቡ ሰዎች ነው። ያሳዘነኝ የእነዚያን ሰዎች የአብዛኞቹን ስም የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

ለዚህ ነው የቤት ሥራ የምሰጣችሁ፤ መቼም መምህር ነኝ። በየከተማችሁ፣ ነገሌም ሁን ቡልቡላ፣ ባቱም ሁን አዳማ፣ የመጀመሪያውን ምግብ ቤት ማን ከፈተው? ብዙ ጊዜ መልሱ አንዲት ሴት ናት፤ ባል የሞተባት ወይም ከሌላ አገር መጥታ አንድ ክፍል ተከራይታ ለሹፌር ሽሮ መሥራት የጀመረች። የንጉሥ ዜና መዋዕል አላት? የላትም። ያዩዋት እናቶችና አያቶች ግን ዛሬም አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ስልካችሁ መቅጃ አለው። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቅዱ። ምን ትሠራ ነበር? አንድ ምግብ በስንት ሳንቲም? ማን ማን ማታ ማታ ይመጣ ነበር? ማን በዱቤ ይበላ ነበር?

የሰማችሁትን ከዚህ በታች ጻፉልኝ፣ አንድ ላይ አሰባስበዋለሁ። መልካም ቅዳሜ፤ ለጓደኛችሁ ደውሉ።