ጋላክቲካ ከጎጀብ ማዶ

ባትልስታር ጋላክቲካ የተሰኘው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍሉ የተላለፈው መጋቢት 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ድራማው በገዛ እጃቸው በሠሯቸው ማሽኖች ተወርረው ዓለማቸውን ያጡ ሰዎች በጠፈር መርከቦች ሲሰደዱ ለዓመታት ሲያሳይ ቆይቷል። በማሳረጊያው ከስደቱ የተረፉት 38 ሺህ ያህል ሰዎች ከዛሬ 150 ሺህ ዓመት በፊት የነበረችውን የእኛን ምድር ያገኛሉ፤ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያትም የሚወርዱት ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ነው። መርከቦቻቸውን ወደ ፀሐይ ይልካሉ፤ ከተማ ላለመሥራትና መሣሪያዎቻቸውን ለመተው ተስማምተው በየአህጉሩ ይበተናሉ። ከሰውና ከማሽን የተወለደችው ሄራ የተባለች ሕፃን ደግሞ የዛሬው የሰው ዘር ሁሉ እናት ሆና ትቀርባለች፤ ታሪኩ 150 ሺህ ዓመት ዘልሎ ኒው ዮርክ ሲደርስ አፅሟ ታንዛኒያ ውስጥ መገኘቱ ይነገራል።

ይህ ፍጻሜ ተመልካቹን ለሁለት ከፈለው። ብዙ አፍቃሪዎቹ አለቀሱበት፣ ወደዱትም። ሌሎች ግን ለዓመታት በጉጉት የጠበቁት ፍቺ በመላእክትና በመለኮታዊ ዕቅድ መተካቱን አልተቀበሉም። ከዚህ ይልቅ የከነከናቸው 38 ሺህ ሰው መድኃኒቱን፣ ብረቱንና መጻሕፍቱን በአንድ ቃል ወርውሮ ጫካ ይገባል መባሉ ነው። የመላእክቱ ጉዳይ የጣዕም ነገር ነውና ሊታለፍ ይችላል። ምድሩንና ሰዎቹን የሚመለከተው ቅሬታ ግን በታሪክ ሊመዘን የሚችል ነው፤ መመዘኛው ደግሞ ከሌላ ስፍራ ይልቅ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይገኛል። 

በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካፋን ከጅማ የሚለየው የጎጀብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ ከኦሞ ይቀላቀላል። ኦሞ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቱርካና ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ኪቢሽ በተባለው ስፍራ አጠገብ ያልፋል፤ ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ በአየር ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ በ1967 እ.ኤ.አ. በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን የዘመናዊ ሰው የራስ ቅል ክፍሎችና ሌሎች አጥንቶች አገኘ። ኦሞ 1 የሚል ስም የተሰጠው ይህ ቅሪት በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 195 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ተሰጠው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ከሻላ ፍንዳታ የመጣ መሆኑ ሲለይ ዕድሜው ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ከፍ አለ። የጋላክቲካ ሰዎች አዲስ ምድር አገኘን ባሉበት ዘመን፣ ካፋን የሚያጠጡት ወንዞች በሚወርዱበት ቆላ እንደ እኛ ያለ ሰው ለአሥርተ ሺህ ዓመታት ኖሮበት ነበር ማለት ነው።

ነባሩ ሰው ባዶ እጁንም አልነበረም። ዝዋይ አካባቢ ባለው ጋደሞታ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ ከባልጩት የተሠሩ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል። በአፋር ሔርቶ የተገኙትና በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆኑት 160 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የራስ ቅሎች ሰው ከሞተ በኋላ ቅሉ እንደተፋቀና በእጅ ብዛት እንደለሰለሰ ያሳያሉ፤ ሙታኑን በሥርዓት የሚይዝ ማኅበረሰብ ነበረ። ድራማው ግን የአገሩን ሰዎች ከሩቅ በመነጽር እየታዩ የሚያልፉ፣ ገና ቋንቋ ያልፈቱ፣ ቋንቋም ከሰማይ ከመጡት እንግዶች የሚጠብቁ አድርጎ ያቀርባቸዋል። አጥንት ስለ ንግግር በቀጥታ አይመሰክርም። ያም ሆኖ ድንጋይ በእንጨት ላይ አስሮ ጦር የሚያበጅና ልጁን ይህንኑ የሚያስተምር ሰው ዲዳ ነበር ማለት ለማመን ይከብዳል። ቅር የተሰኙ ተመልካቾች ይህን ነጥብ ከመሣሪያው መጣል ያነሰ ትኩረት ሰጥተውታል፤ ከሁሉም የከፋው የፍጻሜው ጉድለት ግን ይኸው ነው።

ድራማው ሚቶኮንድሪያል ሔዋን የሚላት የሄራም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሚቶኮንድሪያል ሔዋን የሚለው ሐሳብ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ በሚተላለፍ የዘር ቅንጣት ላይ ተመሥርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታዋቂ ሆነ። ዛሬ ያለው ሰው ሁሉ በእናት በእናት ወደ ኋላ ቢቆጠር አፍሪካ ውስጥ ከ200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከኖረች አንዲት ሴት ይደርሳል። ይህች ሴት በዘመኗ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሌሎች ሴቶችም ወልደዋል፣ ደማቸውም በወንዶች ልጆቻቸው በኩል እስከ ዛሬ ወርዷል። አፅም አውጥቶ እነሆ እርሷ ናት ማለትም አይቻልም። የድራማው ደራሲዎች የሄራን ዕጣ ለማክበር የመረጡት ስያሜ አብረዋት የወረዱትን ሺህዎች ታሪክ የሻረ ያስመስላል፤ ሳይንሱ ግን እንዲህ አይልም።

መሣሪያ ጥሎ መኖር ይቻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ የካፋ ደን በደንብ ይመልሰዋል። ደኑ በምግብ የተሞላ ነው፤ ምግብነቱ ግን ለሚያውቀው ብቻ ነው። የዱር እንሰት በየሸለቆው ይበቅላል። እንሰት ለማዕድ እንዲደርስ ግን ዓመታት ጠብቆ መቁረጥ፣ ግንዱን መፋቅ፣ አምቾውን መውቀጥ፣ በጉድጓድ ቀብሮ ማብላላት ያስፈልጋል፤ ይህን ሙያ ሳያውቅ ከእንሰት ሥር የተቀመጠ ሰው ይራባል። ኮረሪማና ጥምዝ ከዛፍ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀልበትን ወቅትና ንቡ የሚቀስመውን አበባ መለየት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ዕውቀት ነው። ቡናም ነበረ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት የአረቢካ ቡና ከሁለት የዱር ዝርያዎች የተዳቀለው ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። የጋላክቲካ ስደተኞች ከጎጀብ ማዶ ቢወርዱ ኖሮ ቢያንስ ቡናውን ያገኙት ነበር፤ መቁላቱን የሚያሳያቸው ግን አልነበረም። ወደ ጎጀብ ቆላ የወረዱትን ደግሞ ወባ ይጠብቃቸዋል፣ ከብት ቢኖራቸው ገንዲ ይፈጅባቸዋል።

በካፋ ደጋ ደን ውስጥ የኪቢሹን ያህል የጠለቀ ዘመን አጥንት አልተገኘም፤ እርጥብና አሲዳም አፈር አጥንት ይበላል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በካፋ ዋሻዎች ቆፍረው፣ ኩማሊ የተባለውን ጨምሮ፣ ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የኖሩ ሰዎችን ዱካ አግኝተዋል። ጥልቁን ታሪክ የያዘው ወላይታ ነው። በዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ ዋሻ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ የድንጋይ መሣሪያ ክምችት አለው። ቆፋሪዎቹ አየሩ በደረቀባቸው ዘመናት ዝናብ ያልተለየው የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለሰው መጠጊያ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። መጠጊያ ሆኖ ከሆነም መሣሪያ ይዞ ለወጣ ሰው ነው።

ሰው ያልነካው ምድር የሚለው የድራማው ምኞት በካፋ በቅርብ ዘመን እንኳ አይሠራም። የካፋ መንግሥት በጥልቅ ቦዮችና በበር ጠባቂዎች የታጠረ፣ እርሻው የሰፋ አገር ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የጦር መሪ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዘመቱበት ጦርነት መንግሥቱ ወደቀ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በደን ውስጥ ተሸሽገው ቆይተው በመስከረም ተያዙ። በዓመቱ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ ቀድሞ ሰው የሞላበት ምድር ባዶ ሆኖ ማግኘቱን ጽፏል። ሰው ባለቀበትና በተሰደደበት ቦታ ብዙ እርሻ ተመልሶ ዱር ሆነ። ዛሬ ጥንታዊ ከሚባለው ደን ከፊሉ ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የካፋን ባዮስፌር ክልል ሲመዘግብም ሰው አልባ ምድር ብሎ አላጠረውም፤ ጥብቅ ማዕከሉን ለይቶ፣ በዙሪያው ቡና የሚለቅሙ፣ ማር የሚቆርጡና እንሰት የሚተክሉ ሰዎች የሚኖሩበት ክልል አድርጎ ነው የመዘገበው። በደኑ ውስጥ የማር ቦታ በቤተሰብ የሚያዝበት ኮቦ የተባለ ልማድም አለ፤ ቀፎ የተሰቀለበት ስፍራ ባለቤቱ የታወቀ ነው።