ጦርነት የሚያልቀው መቼ ነው?

እዚህ ማንኪራ ልጆቻችን ቡና ለመልቀም ጫካ ሲገቡ ከእባብ እንዲጠነቀቁ እንመክራቸዋለን፤ የሚረግጡት መሬት ይገድላቸዋል ብለን ግን አንሰጋም። ይህ ጸጋ ለሁሉም ወገናችን አልደረሰም።

በአገራችን ፈንጂ መቀበር የጀመረው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978 የተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት፣ እስከ 1991 የዘለቀው የእርስ በርስ ውጊያና ከ1998 እስከ 2000 የቆየው የኤርትራ ጦርነት ሌላ ጨመሩበት። ከ2002 እስከ 2004 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት 1,492 መንደሮችና ቀበሌዎች፣ በውስጣቸውም ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የዚህ መዘዝ ተጠቂ መሆናቸውን አሳየ። ክፉኛ የተጎዱት አፋር፣ ሶማሌና ትግራይ ነበሩ።

ጉዳቱ ሞትና የተቆረጠ እግር ብቻ አይደለም። ሣር እያለ ከብት ይራባል፤ ውኃ እያለ ሰው ይጠማል፤ ማገዶ ለቀማ የወጣች እናት እስክትመለስ ቤተሰቡ ይጨነቃል። ኢትዮጵያ ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ2004 አጽድቃለች። ሆኖም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ያልፈነዱ ጥይቶችን በማሳና በሰፈር ትቶ አልፏል።

ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምራለን። ፈንጂ የሚያነሳ ሰው ምንዳው ምን ያህል ይሆን! እርቅ በወረቀት ይፈረማል፤ ጦርነት የሚያልቀው ግን እረኛው ልጅ ያለ ስጋት ሲራመድ ነው።